ሦስቴ ረግጦ ማስነሳት

አባቴ መኪና ውስጥ ሲገባ ሁሌ የሚያደርጋት ነገር ነበረች። በሩን ይዘጋል፣ ያማትባል፣ ከዛ ቁልፉን ሳያዞር ፍሬኗን ሦስት አራቴ ረገጥ ረገጥ ያደርጋል፣ ከዛ እግሩን ከፔዳሏ ሳያነሳ ሞተሩን ያስነሳና ሁለት ሰከንድ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የሆነ ነገር የሚያዳምጥ ነው የሚመስለው። ከዛ "እሺ" ይልና ማርሽ ያስገባል። ልጅ ሆኜ ይሄ ሁሉ የማማተቡ ተቀጥላ ይመስለኝ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ እኔም አማትቤ ወለሉን ሦስቴ እረግጥ ነበር።

መኪናዋ ነጭ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ዲኤክስ ምን እንደሆነች ማስረዳት አያስፈልገውም፣ ላላደገ ግን፦ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ የተሰራች፣ 1300 ሞተር፣ ካርቡራተር ያላት፣ ኋላ ጎማዋ የሚነዳ፣ አራት ማዕዘን የሆነች፣ ለመሞት ፈቃደኛ ያልሆነች መኪና። አባቴ ከሷ በፊት የመስሪያ ቤት ሹፌር ሆኖ ላንድሮቨር ይነዳ ነበር፣ አሰብ ድረስ። ይቺን ነገር ኋላ እመለስባታለሁ።

መንጃ ፈቃድ ባወጣሁ በዓመቱ ነዳጅ ጨመረ (መቼ ነው የማይጨምረው)፣ እኔም ከሰፈር ልጆች የሰማሁትን ጥበብ ይዤ ቁልቁለት ላይ ሞተር ማጥፋት ጀመርኩ። አንድ ቀን እሁድ ጠዋት ከእንጦጦ ማርያም ስመለስ ቁልፉን መለስ አደረኩና ዲኤክሷን ለስበት አስረከብኳት። ደስ ይላል እኮ፣ ድምጽ የለም፣ የባህር ዛፍ ሽታ በመስኮት ይገባል፣ ነዳጅ አትበላም። ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወስደው ጠመዝማዛ ጋ ስደርስ እንጨት የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተውታል። ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሏ ድንጋይ። አልወረደችም፣ ማለቴ ወለል አልነካችም፣ ከላይ ቆማ ቀረች፣ ግድግዳ የረገጥኩ ነው የመሰለኝ። መኪናዋ ትንሽ ቀዘቀዘች ግን አልቆመችም። ሁለት እግሬን ጭኜባት ከወንበሬ ተነስቼ ቆምኩባት ማለት ይቻላል፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ መጨረሻ ላይ ጭንቅላቴ ሲሰራ ቁልፉን ወደፊት አዙሬ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ። ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ተነሳ፣ ተነስቶ ሰከንድ ሳይሞላው ያቺ ድንጋይ የነበረች ፔዳል ከእግሬ ስር ዝቅ ስትል መኪናዋ በአፍንጫዋ ተተክላ ቆመች። አንዷ አህያ ዞር ብላ አየችኝ። ባለቤቷም የሆነ ነገር አሉኝ፣ እዚህ አልጽፈውም።

ቤት ገብቼ "ፍሬን በጠሰ" አልኩ። አባቴ ፔዳሏን ሄዶ ረገጣት፣ አስነሳት፣ አዳመጠ። "አልበጠሰም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ትዘገያለች" አለ። ምኗ ነው የሚዘገየው ብዬ እንኳን አልጠየኩትም። በማግስቱ ጋራዥ ወሰድኳት። ፍሬን ሸራ ቀየሩ፣ አየር አወጡ፣ ዘይቱን ለወጡ፣ ብር ተቀበሉ። በሳምንቱ ፔዳሏ መለስ ቀለስ እያለች መድረቅ ጀመረች፣ በዛ ላይ ሞተሩ ሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጠው ቀስ ብሎ መዞር፣ አልይዝ ብሎ መብራት ላይ ስቆም ይንቀጠቀጣል። ሌላ ጋራዥ። እዛ ደግሞ ካርቡራተሩን አጠቡ፣ ካንዴላ ቀየሩ። ማንም ሁለቱን በሽታ አንድ ላይ አላያቸውም፣ ፍሬን የሚሰራው ፍሬን ያያል፣ ሞተር የሚሰራው ሞተር ያያል።

ያዳነን ቄራ አካባቢ ያለ ጋራዥ ውስጥ ያገኘኋቸው ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ኮፈኑን ከፍተው መፍቻ እንኳን አላነሱም። ሞተሩ እየሰራ ከሞተሩ ወደ ሹፌሩ ፊት ለፊት ግድግዳ የሚሄደውን አውራ ጣት የሚያክል ጥቁር የላስቲክ ቱቦ በእጃቸው ይዘው ወዘወዝ አደረጉት። የሞተሩ ድምጽ ተቀየረ። እንደገና ወዘወዙት፣ እንደገና ተቀየረ። "ና ጆሮህን አምጣ" አሉኝ። ፍስስስ የሚል ድምጽ አለ። ቱቦውን ነቅለው አጠፍ ሲያደርጉት ጫፉ ላይ ያለው ስንጥቅ እንደ አፍ ተከፈተ። "ይኸው ፍሬንህ። ሚኒሞህም ይኸው" አሉ። የቱቦው ዋጋ ለመጀመሪያው ጋራዥ የእጅ ከከፈልኩት ሩቡን አይሞላም።

ያን ቀን ነው ሰርቮ ምን እንደሆነ የገባኝ፣ ስሙንማ ስሰማው ነው ያደግኩት። ጋራዥ ውስጥ ግማሹ ሰርቮ ግማሹ ቡስተር ይለዋል፣ ኮፈን ስትከፍቱ በሹፌሩ በኩል ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ጥቁር ክብ ቆርቆሮ አለ አይደል፣ ትንሽ ድስት ከነክዳኑ የሚመስል፣ ከፊቱ የፍሬን ዘይት ጠርሙሱን የተሸከመው፣ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ማስተር ሲሊንደር የታሰረበት፣ እሱ ነው። እና ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ሰርቮ ፍሬን አይደለም። ፍሬኑ ዘይቱና ማስተር ሲሊንደሩ፣ ጎማ ጋ ያሉት ሸራዎች፣ ዲስኩና ታምቡሩ ናቸው። ሰርቮ እግራችሁን የሚያግዝ ረዳት ነው። ረዳቱ ቢታመም ፍሬኑ አለ፣ ግን ለብቻችሁ ነው የምትገፉት።

እንዴት ነው የሚያግዘው? እኔ የሚገፋ ነገር ያለው ይመስለኝ ነበር፣ ሞተር ምናምን። የለውም። ድስቱ ውስጥ መሃሉን የሚከፍል ላስቲክ አለ። ሞተሩ ሲሰራ ነዳጅና አየር ወደ ውስጥ ይስባል፣ የአየር መግቢያውን የሚከፍትና የሚዘጋው ስሮትል ሲዘጋ መሳቡ ይበረታል፣ ያ ስበት በዛች ቱቦ በኩል የድስቱን አየር ከላስቲኩ ግራም ቀኝም መጦ ያወጣዋል። እግራችሁን ስታሳርፉ በእናንተ በኩል ያለች ትንሽ ቫልቭ ትከፈትና የውጭ አየር በአንድ በኩል ብቻ ይገባል። በአንድ በኩል አየር፣ በሌላው ባዶ፣ ስለዚህ የውጭው አየር ላስቲኩን ይገፋዋል፣ ላስቲኩ ዘንጉን፣ ዘንጉ ማስተር ሲሊንደሩን። በቃ። መኪናችሁን የሚያቆመው ከላያችሁ የተከመረው የሰማይ አየር ክብደት ነው። ይሄን ሳውቅ ለሁለት ቀን ያህል ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳወራ ነበር፣ እህቴ በመጨረሻ "እሺ ገባን፣ አየር ነው" አለችኝ።

ቱቦው ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ አለች፣ ከድስቱ ወደ ሞተር ታስወጣለች፣ ወደኋላ አትመልስም። ሞተር ሲጠፋ ድስቱ ውስጥ የቀረውን ባዶነት የምታስቀምጠው እሷ ናት፣ ሁለት ሦስት እርግጫ የሚሆን። እኔ እንጦጦ ላይ ያ ሁለት ሦስት እርግጫ አልነበረኝም፣ ምክንያቱም ስንጥቁ ከቫልቯ በዚህ በኩል፣ በድስቱ በኩል ነበር፣ ሞተሩን ሳጠፋ ስንቄ በስንጥቁ በኩል አልቋል። ሽማግሌው ቫልቯን አውጥተው በአፋቸው ነፏት፣ በአንድ በኩል ታሳልፋለች በሌላው እምቢ፣ "እሷ ንጹህ ናት" ብለው መለሷት። የአባቴ ሥርዓትም ትርጉሙ እዛው ተገለጠልኝ። ሞተር ሳይነሳ ሦስቴ መርገጥ ማለት ስንቁን መጨረስ ነው፣ ፔዳሉ ይደርቃል፣ ከዛ እግርን ሳያነሱ ማስነሳት፣ ሰርቮው ጤነኛ ከሆነ ፔዳሉ ወዲያው ትንሽ ዝቅ ይላል። አባቴ ያዳምጥ የነበረው በጆሮው ሳይሆን በእግሩ ነበር። "ትዘገያለች" ያለኝ ፔዳሏ ዝቅ ለማለት ስለዘገየች ነው። ሁለት ጋራዥ ያላገኘውን ነገር በጫማው አግኝቶት ነበር፣ እኔ ደግሞ አልጠየኩትም።

ትምህርቴ ሂሳብ አያያዝ ነው፣ ስለዚህ ወረቀት ላይ ካላስቀመጥኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። ድስቱ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው እንበል፣ የላስቲኩ ስፋት ወደ 314 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ባህር ጠለል ላይ አየር እያንዳንዱን ካሬ ሴንቲ ሜትር በ1.03 ኪሎ ገደማ ይጫናል። ሞተሩ ስራ ፈቶ ሲዞር ውስጡ የሚቀረው ግፊት ወደ 0.35 ቢሆን፣ ልዩነቱ 0.68 ገደማ፣ በ314 ሲባዛ ከ210 ኪሎ በላይ ግፊት። ሁለት ተኩል ጎልማሳ ሰው እግራችሁ ላይ ተደግፎ ማለት ነው። አሁን መኪናዋን ወደ አዲስ አበባ አምጧት፣ 2,355 ሜትር። እዚህ የአየሩ ጫና 0.78 ገደማ ነው። ልዩነቱ 0.43፣ ግፊቱ 135 ኪሎ። ይሄ ግምት ነው፣ ከሞተር ሞተር ይለያያል፣ ግን አያችሁት? ያው ሰርቮ፣ ያው ቱቦ፣ ያው እግር፣ ከእርዳታው አንድ ሦስተኛው የለም። የአዲስ አበባ ሽንብራ ንፍሮ ለምን እንደሚዘገይ እናቶቻችን ያውቃሉ፣ ውሃው 92 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው። የዲኤክሷም ፔዳል የሚከብደው በዛው ምክንያት ነው።

ስለዚህ ነገር ሳነብ አንድ ሰው ሁለት ቦታ ላይ ብቅ አለብኝ። ፓስካል፣ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ሊቅ። የፍሬን ዘይት የሚሰራው በሱ ህግ ነው፣ የተዘጋ ፈሳሽ አንድ ቦታ ላይ ሲጫኑት ጫናው ሳይቀንስ ሁሉም ቦታ ይደርሳል፣ ለዛ ነው አንዷ ፔዳል አራቱንም ጎማ የምትይዘው። እሱ ራሱ ሰውዬ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1648 የእህቱን ባል ፑይ ደ ዶም የሚባል የፈረንሳይ ተራራ ላይ የአየር ጫና የሚለካ የሜርኩሪ ቱቦ አሸክሞ ላከው፣ ራሱ አልወጣም፣ አማቹ ናቸው የለፉት፣ ሜርኩሪው ጫፍ ላይ ሲደርስ ከታች ከነበረበት 8 ሴንቲ ገደማ ወርዶ ተገኘ። አየር ከፍታ ላይ እንደሚሳሳ ታየ። ማስተር ሲሊንደሩም የሱ፣ ሰርቮውም የሱ፣ አዲስ አበባ ላይ የሰርቮው መድከምም የሱ። ፑይ ደ ዶም 1,465 ሜትር ነው፣ እንጦጦ ከእጥፉ በላይ ነው። እኔ ሙከራውን ያለ ሜርኩሪ፣ በአህያ ፊት ነው የደገምኩት።

ሰርቮ የሌላቸው መኪኖችም ነበሩ። የድሮዋ ቮልስ የላትም፣ የመጀመሪያዋ ላዳ፣ 2101 የምትባለዋም አልነበራትም፣ 2103 ላይ ነው የመጣው። እነዛን የነዱ ሰዎች ቀኝ ባታቸው ይለያል ብዬ አምናለሁ፣ ማረጋገጫ የለኝም። እነሱ ዲኤክስ ሲይዙ "ፍሬኗ ስስ ናት፣ ገና ስትነኳት ትይዛለች" ይላሉ፣ ከዲኤክስ ወደ ላዳ የሄደ ደግሞ "ፍሬን የላትም" ይላል። ሁለቱም ስለ ረዳቱ ነው የሚያወሩት።

ናፍጣ መኪና ግን ሌላ ታሪክ ነው። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ አየሩን የሚያፍን ስሮትል የለውም፣ ስለዚህ የሚጠቅም ስበት አይፈጥርም። ለሰርቮው ለብቻው ፓምፕ ይሰራለታል። ያረጁት ሃይኤስ ሚኒባሶች ላይ፣ ቱኤል ስሪኤል የሚባሉት ሞተሮች ላይ፣ ፓምፑ ከዲናሞው ጀርባ ነው የተለጠፈው። እንግዲህ አስቡት፣ የዲናሞ ቺንጋ ተበጠሰ፣ ሹፌሩ "ባትሪ መሙላት አቆመች፣ ተርሚናል ድረስ ታደርሰናለች" ይላል፣ አሥራ ምናምን ሰው ጭኖ፣ የፍሬኑ ረዳትም አብሮ ከቺንጋው ጋር እንደሄደ ሳያውቅ። የዲናሞ መብራት ሲበራ ፍሬናችሁንም ጠርጥሩ፣ ይሄን ለሚኒባስ ሹፌሮች ሁሉ ደብዳቤ ብጽፍላቸው ደስ ይለኛል።

በሌላ መንገድ የሚያግዙም አሉ። ሲትሮኤን ዲኤስ እ.ኤ.አ. በ1955 ስትወጣ ፔዳል የላትም ማለት ይቻላል፣ ወለሉ ላይ እንደ እንጉዳይ ያለች የላስቲክ ቁልፍ ናት፣ ፓምፕ ያጠራቀመው ትልቅ የዘይት ግፊት ነው የሚያቆማት። አሜሪካኖቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሃይድሮቡስት ያሉትን አመጡ፣ የመሪውን ፓምፕ ዘይት ለፍሬንም የሚጠቀም። እዛ ላይ መሪና ፍሬን አንድ ቀን ላይ ከከበደ ቱቦ ከማየታችሁ በፊት የመሪ ዘይቱን እዩ። አየር ስለማይበደር ከፍታም አይሞላውም አይቀንሰውም። እኛ ሰፈር ብዙ የሉም፣ አሜሪካ ያላችሁ የድሮ ፒክአፕ የምትነዱ ታውቁታላችሁ።

ከሁሉ በላይ የተማርኩት ግን ፔዳሏን ማንበብ ነው። የምትደርቅ ፔዳልና የምትሰምጥ ፔዳል ሁለት የተለያየ በሽታ ናቸው፣ ሰው ግን ሁለቱንም "ፍሬን እምቢ አለ" ይላል፣ ጋራዡም ሁለቱንም ሸራ ቀይሮ ይመልሳል። ከላይ ቆማ ድንጋይ ከሆነች አብዛኛውን ጊዜ ረዳቱ ነው፣ ቱቦ፣ ቫልቭ፣ የድስቱ ላስቲክ። ወለል ድረስ ከሰመጠች ዘይቱ ነው፣ ወይ ፈሷል፣ ወይ አየር ገብቶበታል፣ ወይ የማስተር ሲሊንደሩ ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ፣ ተበልቷል። ከሁሉ ተንኮለኛው ሁለቱን የሚያገናኘው ነው፣ የማስተር ሲሊንደሩ የኋላ ጎሚኒ ሲያልቅ ዘይቱ መሬት ላይ አይንጠባጠብም፣ ድስቱ ውስጥ ነው የሚገባው። ጠርሙሱ ይጎድላል፣ ጎማዎቹ ደረቅ ናቸው፣ ወለሉ ደረቅ ነው፣ እናንተ ሙሉ ታደርጉታላችሁ፣ እንደገና ይጎድላል። ዘይቱ የድስቱን ላስቲክ እያበላሸው ነው፣ ሲብስበት በቱቦው ወደ ሞተር ተስቦ በጭስ ማውጫ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ያኔ መካኒኩ "ጋስኬት ነው፣ ሞተር ይውረድ" ይላችኋል።

ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ሰርቮ ብትጠይቁ አሮጌው ይመጣላችኋል፣ እላዩ አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ። ከመግዛታችሁ በፊት ማስተር ሲሊንደር የሚታሰርበትን ቀዳዳ በጣታችሁ ዳብሱት፣ እርጥበት ካለው ተዉት። አንዴ የተከፈተ ድስት አይቻለሁ፣ የታጠፈው ጠርዙ በመዶሻ ተነስቶ ውስጡ ከከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ተገጥሞለት እንደገና በመዶሻ የተመለሰ። ለሰሪው እጅ አድናቆት አለኝ፣ ልጄን ግን አልጭንበትም። ሌላው የሚያናድደኝ ደግሞ የፍሬን ዘይት ሲጎድል የሞተር ወይም የካምቢዮ ዘይት "ለጊዜው" የሚጨምር ሰው ነው፣ የፍሬኑ ጎሚኒዎች በዛ ዘይት ያብጣሉ፣ ለጊዜው የተባለው ሁሉንም ያስለውጣል።

ቁልቁለትስ? ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወርዳችሁ ታውቃላችሁ፣ ከ1,300 ሜትር በላይ ነው ቁልቁል የሚወረደው፣ እዛ የሚያቃጥል ሸራ ሽታ የማያውቅ መንገደኛ የለም። እዛ ፔዳሏ የሰመጠች እንደሆነ ችግሩ ሰርቮ አይደለም፣ ዘይቱ ፈልቶ ነው። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፣ ዓመታት ቆይቶ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 ይወርዳል፣ የፈላ ዘይት እንፋሎት ነው፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። በከባድ ማርሽ መውረድ የሚባለው ለዚህ ነው፣ በዛ ላይ ሞተሩ በማርሽ ተይዞ ሲጮህ ስሮትሉ ዝግ ስለሆነ የቤንዚን መኪና ስበቱ ያኔ ነው የሚበረታው፣ ሰርቮውም ይጠግባል። ሞተር አጥፍቶ መውረድ ሁለቱንም ያሳጣል። የስንት ብር ነዳጅ እንዳተረፍኩ አስልቼው ነበር፣ አልነግራችሁም።

አሰብ ነበር ቃል የገባሁት። ቱቦው ከተቀየረ በኋላ ይሄን ሁሉ ሂሳብ ለአባቴ ወረቀት ላይ አሳየሁት፣ ፓስካሉን ምኑን። መነጽሩን አውልቆ ሰማኝና "እና ይሄን ለማወቅ ነው ፈረንሳይ ድረስ የሄድከው?" አለኝ። "ላንድሮቨሯ ሚሌን አልፋ አሰብ ስትወርድ ፍሬኗ ቅቤ ነው የምትሆነው። ደሴ ስትመለስ ድንጋይ። እኛ ሙቀቱ መስሎን ነበር፣ ብርድ እግር ያደክማል እንል ነበር።" ከዛ ወረቀቱን ትንሽ አይቶ "አየር ነዋ" አለና መነጽሩን መልሶ አደረገ።

ዲኤክሷን የሸጥናት አምና ነው። ገዢው የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ ነድቶ ሊወስዳት የመጣ። አባቴ ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት ሹፌር ወንበር ላይ አስቀመጠው። "ሞተሩን ሳታስነሳ ሦስቴ ርገጥ። እግርህን አታንሳ። አሁን አስነሳ። ዝቅ አለች? ካላለች እንዳትነዳት።" ልጁ እኔን ሰረቅ አድርጎ አየኝ፣ ሽማግሌ ማክበር ነው ብሎ "እሺ ጋሼ" አለ። አባቴ በሩን ዘጋለት፣ ከዛ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ "ደግሞ እዛ ስትወርድ ትለሰልስብሃለች፣ እንዳትደነግጥ" አለው።

በማግስቱ ማታ ስልክ ጮኸ። ድምጽ ማጉያው ላይ አደረገው፣ ሁላችንም ሰማን።

"ጋሼ፣ ደርሻለሁ፣ በሰላም። እ... ፍሬኗን ግን አዋሽ ላይ ማንም አልነካብኝም አይደል?"